ቢጫው ቁም ሳጥን

«ቀስ! ቀስ በሉ እንጂ! ወደ ግራ… ወደ ግራ ነው ያልኩት፤ የማን ግራ ነው ይሄ?»

ቢጫው የብረት ቁም ሳጥን በአራት ተሸካሚዎች እጅ ተንጋሎ በወርክሾፑ በር ሲገባ ጠርዙ ከመቃኑ ጋር ተፋጭቶ ጥርስ የሚያም ድምፅ አወጣ። ተሸካሚዎቹ እያቃሰቱ ወለሉ ላይ አሳረፉት። የተጠረገ የመሰለው ሰጋቱራ ቡን ብሎ ተነሣ። አናጢዎቹ ሥራቸውን አቁመው ከበቡት። አንዱ ጎኑን በጣቱ መታ መታ አደረገው፤ ሌላው በሩን ከፍቶ ለቀቀው። በሩ ማንም ሳይገፋው ቀስ ብሎ ሄዶ በራሱ ተዘጋ።

«ጉድ ነው!» አለ ሞተር። «ዕድሜያችንን ሙሉ ለሰው ቁም ሳጥን ስንሠራ ኖረን፣ ዛሬ እኛው ቁም ሳጥን ገዛን! ዳቦ ጋጋሪ ዳቦ ሲገዛ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ሳቁ። ሞተር የጄነሬተሩ ሠራተኛ ነው። ስሙ የወጣለት ግን ከጄነሬተሩ ሳይሆን ከአፉ ነው፤ አንዴ ከተነሣ ማጥፊያው አይገኝም።

«ይሄ የልብስ አይደለም፤ የቲነር ነው» አለው ጋሼ ቫርኒሽ፣ በሩን ዳግም ከፍቶ ውስጡን እያየ። ግድግዳው እሳት እንዳይዘልቀው ድርብ ብረት ነው። ከታች ወለሉ እንደ ትሪ ጎድጎድ ብሏል፤ ጣሳ ቢፈስ እዚያው እንዲጠራቀም ነው። ጋሼ ቫርኒሽ የእጅ ሥራ ሲያይ እንደሚያደርገው ከንፈሩን መጠጠ። ደህና አድርገው ሠርተውታል።

የቀለም ክፍሉ ኃላፊ ነው። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና ልጁ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ለቀረው ሰው ሁሉ ጋሼ ቫርኒሽ ነው። ድርጅቱን ከምንም አንሥቶ ያቆመው ሟቹ ባለቤት ጓደኛው ነበር። ሲሞት እጁን ይዞ «ልጄን አደራ» ያለው እሱን ነው። አሁን ልጅየው አሠሪው ሆኗል፤ ይኼው እጀታውን ሰብስቦ ስልኩን በጆሮው ለጥፎ ከቢሮ እየወረደ ነው። ነገ ጠዋት የኢንሹራንስ ሰው ይመጣል። ቲነሩና ቫርኒሹ እንደ በፊቱ በየጥጉ በጀሪካን ተደርድሮ ካገኘው ውሉን አያድስም። ውሉ ካልታደሰ ደግሞ ያ የተጠበቀው ትልቅ ትዕዛዝ ወደ ሌላ ይሄዳል።

«እዚህ ይቁም» አለ አሠሪው፣ በስልኩ ከደረጃው ሥር ያለውን ባዶ ቦታ እያመለከተ። «ሰውየው ገና ሲገባ እንዲያየው።»

ከዕቃው ጋር የመጣችው መሐንዲስ የመሣሪያ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ደረጃውን ቀና ብላ አየችው። ደረጃው የእንጨት ነው።

«ላይ ሰው ይሠራል?»

«የሶፋ ልባስ የሚሰፉ ሴቶች አሉ» አላት አሠሪው።

«ሌላ መውረጃ አላቸው?»

«መስኮት አላቸው» አለ ሞተር። ማንም አልሳቀለትም።

መሐንዲሷ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «እንግዲህ እሳት ቢነሣ ሰዎቹ የሚወርዱት በእሳቱ ላይ ረግጠው ነው። እኔ ይሄንን ከደረጃ ሥር አላቆምም። መውጫ በር አጠገብም አላቆምም። ደግሞ ያንን ተመልከቱ።» ከደረጃው ጎን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመብራት ሳጥን አሳየቻቸው፤ ክዳኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ ገመዱ እንደ አንጀት ተዘርግፏል። «ከዚህ ጋር ጎረቤት ልታደርጉት ነው? ቦታው እዚያ ነው» አለችና በሩቁ ግድግዳ በኩል እስከ ጣራ የተከመረውን ጣውላ ጠቆመች። «ጣውላውን አንሡልኝና እተክላለሁ።»

«ያንን ለማንሣት ሁለት ቀን ይፈጃል እኮ!» አለ አሠሪው። «ሰውየው ነገ ነው የሚመጣው።»

«ሰውየውን ሁለት ቀን ይጠብቁ ይበሏቸዋ።»

«እህቴ፣ እኔ ዕቃ ነው የገዛሁት፤ ትምህርት አልገዛሁም።»

የመሐንዲሷ ፊት አልተለወጠም። ይህን ብዙ ቦታ ሳትሰማው አልቀረችም። ጋሼ ቫርኒሽን ወደ ጎን ወሰደችውና ድምፅዋን ቀንሳ እንዲህ አለችው፦

«አባቴ፣ የሚይዙት እርስዎ ነዎት አሉኝ። ወለሉ ቀጥ ያለ ይሁን፤ ካዘነበለ በሩ አይገጥምም። ከላይ በጀርባው ባለችው ማሰሪያ ብቻ ከግድግዳ ጋር ይታሰር። ብልጭታ እንዳይነሣ ይቺን ሽቦ ከመሬት ጋር ያገናኟት። ሆዱን እንዳይበሱት። ከተበሳ ወንፊት ነው፤ ቁም ሳጥን አይባልም።»

«ገብቶኛል፣ ልጄ።»

«ለቀረው አፍንጫዎ ይነግርዎታል። ትንሽ እንኳ ከሸተተዎት አንድ ነገር ተከፍቷል ማለት ነው።»

ጋሼ ቫርኒሽ ዓይኑን ወደ ጫማው ሰበረ። «እሺ» አለ።

አፍንጫው ከሞተ ቆይቷል። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ነው። በመጀመሪያ ጉንፋን መስሎት ነበር። አንድ ቀን ሚስቱ ገበያ ሄዳ እሱ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ሬዲዮ ሲሰማ ድስቱ ከሰል ሆነ፤ እሷ ከደጅ እየጮኸች ስትገባ ነው ጭሱን ያየው። «ቤቱ ቢቃጠልብህ እኮ ዜናውን ከሬዲዮ ነው የምትሰማው!» ብላ ሳቀችበት፤ ከዚያ ሳቋን አቁማ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከእሷ ሌላ ለማንም አልተናገረም። ቀለም ክፍል ውስጥ የማይሸተው ሰው፣ ጥበቃ ሆኖ የማያይ ሰው ማለት ነው፤ ማን ያቆየዋል? ስለዚህ የሰው ፊት ማንበብ ለመደ። እንግዳ ገብቶ አፍንጫውን ሲይዝ መስኮት ይከፍታል። አናጢ ዓይኑን ሲያሽ ክዳን ይፈትሻል። ይህ ዘዴ እስካሁን አላዋረደውም።

መሐንዲሷ ወረቀት ሳትፈርም፣ ሳትሰናበትም ሄደች። አሠሪው መኪናዋ ከግቢው እስክትወጣ ጠበቀና ወደ ጋሼ ቫርኒሽ መጣ።

«ጋሼ፣ አንተ ታውቅበታለህ። አቁመው።»

«ልጅቷ ያለችው ግን እውነት ነው።»

«እውነት ነው፤ እውነት አይደለም አላልኩም። ሰውየው አይቶ እስኪሄድ ብቻ ነው። ከዚያ ጣውላውን እናነሣለን፣ ወደዚያ እናዛውረዋለን። አባቴ ቢሆን ምን ይል ነበር? ‘ከጋሼ ጋር ከሆነ አልፈራም’ ነበር የሚለው።»

እንዲህ ብሎ ትከሻውን ነካ አደረገው። አባቱም እንዲሁ ነበር የሚነካው። ጋሼ ቫርኒሽ ወደ ቁም ሳጥኑ ዞረ። ክርክሩን ቢገፋበት «ታዲያ አንተ ጠብቀው፣ አሽትተው» ማለት ይመጣል፤ ያ ደግሞ የማይሄድበት መንገድ ነው።

አቆሙት። ቦታው ግን እንዳሰቡት አልሆነም። ደረጃው ወደ ታች ስለሚያዘቀዝቅ የቁም ሳጥኑ አናት ከእንጨቱ ጋር ተጋጨና ወደፊት መጎተት ግድ ሆነ። ያን ጊዜ የጀርባው ማሰሪያ ከግድግዳው ክንድ ያህል ራቀ። ወለሉም ወደ ደረጃው በኩል ዘንበል ይላል። ዕቃው ሲነኩት ይወዛወዛል፤ ያ በራሱ የሚዘጋው በር ደግሞ አሁን ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል።

«ይወድቃል ይሄ» አለ አንዱ አናጢ።

ጋሼ ቫርኒሽ ዞር ዞር ብሎ አየው። አንድ ጎኑን በሽብልቅ እንጨት ደገፈው። ከዚያ መሰርሰሪያውን አስመጣ። ሌላ ምን ያድርግ? ቁም ሳጥኑን ከወለሉ ጋር ሊያስረው ተንበረከከና የትሪውን አራቱን ጥግ በሳው። ብረቱ ሲበሳ የወጣው ፍላጭ ጉልበቱ ላይ ተረጨ። ብሎኑን አስገብቶ ካጠበቀ በኋላ ዙሪያውን በሲሊኮን ለሰነው፤ በአውራ ጣቱ አለሰለሰው፤ ጎንበስ ብሎ አየው። ሲሊኮን ውኃ አያሳልፍም። ቲነር ውኃ እንዳልሆነ ያውቃል። ማወቁን ግን ለጊዜው ወደ ጎን አደረገው፣ ሰው የማይወደውን ዘመድ ሰላም ሳይል እንደሚያልፈው።

ሽቦዋም ቀረች። የምትታሰርበት ነገር አልተገኘም።

ጀሪካኖቹን፣ ጣሳዎቹንና ቀለም የሚያቀጥኑበትን የአኳራጁን ጠርሙሶች ደረደሩበት። ከጀሪካኖቹ አንዱ አሮጌ ነው፤ ታቹ ላይ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ እንዳለችው ማንም ልብ አላለም። ሁሉም ሲገባ ቁም ሳጥኑ አማረ። አሠሪው በስልኩ ፎቶ አነሣው።

ከምሳ በፊት የጋሼ ቫርኒሽ ልጅ ክር ልትወስድ ከላይ ወረደች። ልባስ ሰፊ ናት። መርፌዎቿን ደረቷ ላይ እንደ ሜዳልያ ሰክታ፣ ጣቷን በአንገቷ ባንጠለጠለችው ሜትር እየጠቀለለች የምትራመድ፣ እንደ እናቷ ምላሷ የተሳለ ሴት።

«አባዬ፣ ምንድነው ዛሬ? ሽታው ራሴን ፈለጠው።»

ጋሼ ቫርኒሽ ቀለም የሚረጭበትን ጠመንጃ እየጠረገ ነበር። ጨርቁ እጁ ላይ ቆመ። «አዲስ ዕቃ ነው፤ አዲስ ነገር ሁሉ ይሸታል። የቁም ሳጥኑ ቀለም ነው።»

«የቀለም አይመስልም።»

«አንቺ ነሽ ወይስ እኔ ነኝ ቀለም የማውቀው?»

«አንተ ነህ» አለች ከንፈሯን ሸርመም አድርጋ፣ ደረጃውን ተመልሳ ወጣች። የእንጨቱ ደረጃ ከቁም ሳጥኑ አናት በላይ አንድ በአንድ ጮኸ።

ከምሳ በኋላ ፊቶቹን ማየት ጀመረ። አንደኛው አናጢ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ሌላው ሁለት ጊዜ ለክቶ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ፤ ሳቀ፤ «ሰክሬያለሁ እንዴ?» አለ። ከላይ አንዷ ሴት በተደጋጋሚ ታስላለች። ጋሼ ቫርኒሽ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደ፤ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው፤ ተመልሶ ሲሄድ ተከፈተ። እንደገና ዘጋው። ልቡ ምንም ደስ አላለውም። ግን ምን አለ? ምንም የሚታይ ነገር የለም። አፍንጫውን በረጅሙ ሳበ። አየር ገባ፤ አየር ወጣ። እንደ ባዶ ቤት።

በዚህ መካከል መብራት ሄደ።

መጋዙ እያጓራ እያጓራ ሄዶ ዝም አለ። ኮምፕሬሰሩ ተነፈሰና ቆመ። ከላይ የስፌት መኪኖቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። ሁሉም ሰው እንደተለመደው «እህህ» ብሎ እጁን አራገፈ። ወርክሾፑ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥታ ሆነ።

በጸጥታው ውስጥ ጋሼ ቫርኒሽ ሰማው።

ጠብ።

ቆየት ብሎ፣ ጠብ።

ከቁም ሳጥኑ በኩል ነው። ሄደና ተንበረከከ። ሥሩ ጨለማ ነው። የስልኩን መብራት ሊያበራ ኪሱ ገባ፤ ከዚያ እጁን እንደ ተቃጠለ ሰው ባዶውን አወጣው። ይልቅ ጣቱን ወደ ጨለማው ሰደደ። ሰጋቱራው ጭቃ ሆኗል። የነካውን ጣቱን ወደ ብርሃን አመጣውና ጠበቀ። ጣቱ ቀዘቀዘ፤ ውኃ የማያቀዘቅዘውን ያህል፣ በረዶ እንደያዘ ሰው ቀዘቀዘ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ደረቀ። እንዲህ ፈጥኖ የሚተን ነገር አንድ ነው። ቲነሩ ሲሊኮኑን በልቶታል። በአራቱም ቀዳዳ እየወረደ፣ ወለሉ ባዘነበለበት እየተከተለ፣ ከደረጃው ሥር ወደ ግድግዳው ሄዷል። ከግድግዳው ላይ ደግሞ ክዳን የሌለው የመብራት ሳጥን አለ። መብራት በመጣ ቁጥር ያ ሳጥን ‘ጢስ’ ብሎ ሰማያዊ ብልጭታ እንደሚተፋ ከጽዳት ሠራተኛዋ እስከ አሠሪው የማያውቅ የለም። ሲቀልዱበት «ሳጥኑ ምላሱን አወጣ» ይሉ ነበር።

ምን ያህል እንደ ተስፋፋ ግን አያውቅም። በዓይን አይታይም። ተነሣና ወደ ላይ ጮኸ።

«ልጄ! ነይ እስኪ ከደረጃው አናት ቁሚ!»

ፊቷ ብቅ አለ።

«ይሸትሻል?»

«ምን ማለት ነው ይሸትሻል? ቅድም ነግሬህ የለ!»

«አሁንስ? እዚያ ላይ ምን ያህል ነው?»

«አባዬ፣ ዓይናችን እኮ እያለቀሰ ነው። ሁላችንም…» አለችና አቆመች። እጁን ደረጃው ላይ አድርጎ ወደ እሷ አንጋጦ የቆመውን አባቷን አየች። ድምፅዋ ቀነሰ። «አንተ አይሸትህም?»

አናጢዎቹ ዞረው አዩት።

«አይሸተኝም» አለ። «ከክረምት ጀምሮ አይሸተኝም። አሁን ሴቶቹን ይዘሽ ውረጂ። ምንም እንዳትይዙ። ያንን የናይለን ጨርቅ ከጭናችሁ ላይ ቀስ ብላችሁ ጣሉት፤ እንዳትጎትቱት፤ እሳት ያመጣል። ስልክ ማንም እንዳይነካ። አትሩጡ።»

ልጁ ወዲያው ዞረች። ወደ ውስጥ ተመለሰች፤ ወንበር ሲገፋ፣ አንዷ «ቦርሳዬን» ስትል፣ የልጁ ድምፅ «ተዪው!» ሲል ተሰማ።

ልክ በዚያ ሰዓት አሠሪው ከግቢው ጮኸ። «ሞተር! ምን ትጠብቃለህ? ጄነሬተሩን አስነሣና መስመሩን ቀይረው! ዕቃው ዛሬ መውጣት አለበት!»

«እሺ ጌታዬ፣ አሁን! እኔ እኮ ከሚስቴ ይልቅ ጄነሬተር ነው የምቀሰቅሰው፤ ሚስቴማ ብትሰማ…» ሞተር እያወራ በበሩ ገባ። መስመር መቀየሪያው ከመብራት ሳጥኑ ውስጥ ነው። እጁን ዘረጋ።

«ሞተር! እጅህን!»

ጋሼ ቫርኒሽ እንዲህ ጮሆ አያውቅም። ሞተር እጁ በአየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ቀረ። ወደ ታች አየ። ጫማው ሥር ሰጋቱራው ጠቁሯል። 

«ወደ ኋላህ ተመለስ። ቀስ ብለህ። ውጣና ጄነሬተሩ አጠገብ ቁም፤ ማንም እንዳይነካው። አንተን ነው የማምነው።»

ሞተር ጭንቅላቱን ነቅንቆ ወደ ኋላ እየተራመደ ወጣ። ሴቶቹ መውረድ ጀመሩ። አንድ በአንድ፣ የደረጃውን ድጋፍ ይዘው፣ በዚያ ቁም ሳጥን አናት ላይ። አንዷ አዛውንት ጉልበቷ አስቸገራት፤ የጋሼ ቫርኒሽ ልጅ ክንዷን ይዛ «አይዞሽ እማማ፣ ሁለት ብቻ ቀረ» ትላለች፤ የቀረው ሁለት አልነበረም። አናጢዎቹ የኋላውን መስኮቶች በሙሉ ከፈቱ።

ዋናው ማጥፊያ ገና ወደ ላይ እንደ ተገተረ ነው። አሁን መብራት ስለሌለ ቢያወርዱት ብልጭ አይልም። እጁ ማጥፊያው ላይ ሳለ መብራት ቢመጣ ግን… ጋሼ ቫርኒሽ ሐሳቡን አልጨረሰውም። በጠቆረው ሰጋቱራ ላይ ረግጦ ወደ ሳጥኑ ሄደ። ልጁ ከበሩ ዞራ አየችው። «አባዬ!» አለች። በደረቅ ጨርቅ እጁን ጠቅልሎ ማጥፊያውን ያዘና ወደ ታች ጫነው። ዝገቱ አልለቅ አለው። በሁለት እጁ ተንጠለጠለበት። ቀጭ ብሎ ወረደ።

ቀስ ብሎ ተራመደ፤ ሌሎቹን አትሩጡ ብሎ እሱ ሊሮጥ አልፈለገም። ከበሩ ውጪ ፀሐዩ ላይ ሲደርስ የጣውላ ክምር ተደግፎ ቆመ።

ብዙም አልቆየም። ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤቱ የብረታ ብረት ቤት ማሽን አጓራ። የአንዱ ሬዲዮ ዘፈን ከመሃሉ ጀመረ። የመንገዱ ማዶ ሱቅ ፍሪጅ ላይ ያለችው ቀይ አምፖል ቦግ አለች።

መብራት መጥቷል።

ግቢው ውስጥ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ወደ ወርክሾፑ ጨለማ በር ዞሮ ተመለከተ።  ሳጥኑ ዝም እንዳለ ነው። አዛውንቷ መሬት ላይ ቁጭ አለችና መቀነቷን ታጠብቅ ጀመር፣ ጠብቆ ሳለ። ሞተር ምንም አልተናገረም።

ከሰዓቱን በሙሉ አሸዋ ሲበትኑና የረጠበውን ሰጋቱራ ወደ ደጅ ሲያወጡ ዋሉ። ቁም ሳጥኑን ባዶ አድርገው፣ ብሎኑን ፈተው፣ ወደ ግቢው አወጡት። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አሠሪው ሠራተኞቹን አሰናበተና ወደ ጋሼ ቫርኒሽ መጣ። 

«ማን ነው ሆዱን የበሳው?»

«እኔ ነኝ።»

«መሐንዲሷ አትብሱት ብላህ የለ?»

«ብላኛለች። አንተ አቁመው አልከኝ፤ አልቆም ሲል በሳሁት። አንተ ያዘዝከው የአንተ፣ እኔ የሠራሁት የእኔ ነው።»

አሠሪው የተከፈተውን ቁም ሳጥን አየ። ትሪው ላይ አራቱ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅህ ያለችውን ሰምቻለሁ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ጋሼ፣ ይሄንን የኢንሹራንሱ ሰው ቢሰማ ምን እንደሚል ታውቃለህ? አንተን አንድ ቀን አያሳድሩህም። እኔንም ምን ዓይነት ሰው ነው ቀለም ክፍል ያስቀመጠው ይሉኛል። ስለዚህ እኔ አልሰማሁም። አንተም አላየህም። ቀዳዳዎቹን በስቱኮ ድፈናቸውና ቢጫውን አመሳስለህ ቀባው። አንተ የቀባኸውን የሠራው ፋብሪካ አያገኘውም። ጠዋት ባዶውን እዚያው እናቆመዋለን፤ ሰውየው አይቶ ይሄዳል። ከዚያ ቀስ ብለን ወደ ኋላ እናዛውረዋለን።»

«ከዚያ መቼ?»

«ትዕዛዙ ሲያልቅ ነዋ።»

«ትዕዛዝ አልቆ ያውቃል?»

አሠሪው አባቱ ሲጨንቀው እንደሚያደርገው ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ። «እባክህ፣ ጋሼ» አለ፤ ትእዛዝ አልነበረም። ወደ ቢሮው ወጣ።

ጋሼ ቫርኒሽ ቀለሞቹን ግቢው ውስጥ ዘረጋ። በጣሳ ክዳን ላይ ቢጫ አፈሰሰ፤ ነጭ ጠብ አደረገ፤ ከቡናማው ትንሽ ነካ አደረገበት፤ በእንጨት ጫፍ አማሰለ። ከቁም ሳጥኑ ጎን አስጠግቶ አየው። አንድ ነበር። ቀለም ማመሳሰል ዓይን እንጂ አፍንጫ አይጠይቅም፤ ይህ ገና አልተወሰደበትም። ብሩሹን ነከረና ተንበረከከ።

ልጁ ቦርሳዋን አንግታ መጣች። እንደ ሌሎቹ አልሄደችም።

«እናቴ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«እኔስ?»

«አንቺም የምትሠሪው እዚሁ ነው። ብነግርሽ ትፈሪያለሽ ብዬ።»

«አሁን ደፈርኩ?» አለች። ከዚያ ብሩሹን አየች፤ ቀዳዳዎቹን አየች።  ጠዋት ማን መጀመሪያ ደረጃውን እንደሚወጣ እሱም ያውቃል፤ ጉልበቷን የሚያማት አዛውንት ሰው ሳይበዛ ቀድማ ትወጣለች። ከኋላዋ ልጁ። ከኋላዋ ሌሎቹ። ጠዋት ባዶውን የሚቆመው ቁም ሳጥን ከሰዓት ይሞላል። ድፍኑ ያማረ ይሆናል። እሱ ከሄደ በኋላ የሚመጣው ቀለም ቀቢ፣ የሚሸተው ጎበዝ እንኳ ቢሆን፣ ከሥሩ ቀዳዳ አለ ብሎ አይጠረጥርም።

ብሩሹን ከቢጫው አወጣው። በጨርቅ ጠረገው። ከጣሳዎቹ መካከል ቀዩን ፈለገ፤ ክዳኑን በመፍቻ ፈልቅቆ ከፈተው። ከዚያ ትሪው ላይ አጎንብሶ በመጀመሪያው ቀዳዳ ዙሪያ ወፍራም ቀይ ክብ አደረገበት። በሁለተኛውም። በሦስተኛውም። እጁ የተረጋጋ ነበር።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ሰውየው ጎንበስ ብሎ የማየት ልማድ ላይኖረው ይችላል» አለ፣ አራተኛውን እያዞረ።

«ታዲያ ስለ አንተ ሲጠይቅህ?»

«ሲጠይቀኝ እነግረዋለሁ።»

ልጁ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። ከላይ የቢሮው መስኮት ላይ አሠሪው ቆሞ ወደ ታች ያያል፤ መቼ እንደ መጣ አይታወቅም። የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም። እርጥብ ሳለ ቲነር የነካው አንድ ጨርቅ ካለፈበት ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። ጋሼ ቫርኒሽ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ገና ያልተላገ ወንበር ከወርክሾፑ ጎትቶ አመጣ፤ ከተከፈተው ቁም ሳጥን ፊት አስቀመጠው፤ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ቀዩ እስኪደርቅ ሊጠብቅ ተቀመጠ።